የሚያይ ዓይንና የሚሠራ እጅ

ሥዕልን ማስተማር እጅን ማለማመድ ብቻ የሚመስላቸው ብዙዎች ናቸው። መስመር ሲሰመር፣ ቀለም ሲቀባ የሚታየው እጅ በመሆኑ ይህ አስተሳሰብ የሚያስወቅስ አይደለም። ነገር ግን እጅ የሚታዘዘው ለዓይን ነው፤ ዓይንም የሚታዘዘው ለኅሊና ነው። የጀበናን አንገት በትክክል መንደፍ ያቃተው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ እጁ የሰነፈ ሳይሆን ጀበናውን በቅጡ ያላየ ነው። ጀበና ምን እንደሚመስል አስቀድሞ የሚያውቅ ስለሚመስለው፣ ከፊቱ የተቀመጠውን ትቶ በሐሳቡ የያዘውን ይሥላል። ስለሆነም የሥዕል መምህር የመጀመሪያ ተግባር ተማሪውን «የምታውቀውን ተውና የምታየውን ሣል» ማለት ነው። ይህች አጭር ትእዛዝ ከሥነ ጥበብ አልፋ የሥነ ምግባር ትምህርት ትሆናለች፤ ያለውን ነገር እንዳለ ለማየት መድከም ለእውነት መታመን ነውና።

ዛሬ በዓይንና በሚታየው ነገር መካከል አዲስ መሣሪያ ገብቷል። ይኸውም በገበያ ቀን ከገጠር በሚመጣው ወጣት ኪስ ውስጥ ሳይቀር የሚገኘው ተንቀሳቃሽ ስልክ ነው። በዚህ መሣሪያና በኢንተርኔት አማካይነት ሩቅ አገር ባሉ ቤተ መዘክሮች የተሰቀሉ ሥዕሎች፣ ስለ ብርሃንና ጥላ የተዘጋጁ ትምህርቶች፣ የታላላቅ ሠዓሊያን አሠራር የሚታይባቸው ቪዲዮዎች ያለ ብዙ ወጪ ይገኛሉ። መሣሪያው ሥዕል ለማስተማር ይጠቅማል ወይስ አይጠቅምም ብሎ መጠየቅ ቀላል ነው፤ መልሱም ይጠቅማል የሚል ነው። የሚከብደው ሌላው ጥያቄ ነው። መሣሪያው ልጁን ምን ያደርገዋል? አይቶ የሚሠራ ሰው ያደርገዋል ወይስ የሌላውን ሥራ ሲመለከት የሚውል?

ጥያቄው በአየር ላይ ተንሳፎ እንዳይቀር በአንድ አገር ላይ እናቁመው። ሰቆጣ የዋግ ኽምራ ብሔረሰብ አስተዳደር ዋና ከተማ ናት። በዙሪያዋ ያሉት ተራሮችና ወደ ተከዜ የሚወርዱት ገደሎች፣ ኽምጣና የሚናገረው የአገው ሕዝብ ከጥንት ጀምሮ የኖረባቸው ናቸው። ከከተማይቱ ብዙም ሳይርቅ ከዓለት የተፈለፈለው ውቅር መስቀለ ክርስቶስ ይገኛል። በደቡብ በኩል በሚያዋስናት በላስታ ደግሞ የላሊበላ 11 አብያተ ክርስቲያናትና በዋሻ ውስጥ የታነጸው የይምርሐነ ክርስቶስ ቤተ ክርስቲያን አሉ። እንግዲህ ይህ አገር የጥበብ ድኻ ነው ማለት አይቻልም። የጎደለው ጥበቡን በዘመናዊ ትምህርት መልክ ለልጆች ለማድረስ የሚያስፈልገው መገልገያ ነው። በ1950 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተውና ዛሬ በመሥራቹ በሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም ስም የሚጠራው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ለሰቆጣ ልጅ ሩቅ ነው። በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት «የክወናና የእይታ ጥበባት» የተባለ ትምህርት ቢሰጥም፣ መምህሩ የሚያሳየው የሥዕል ቅጂ፣ ተማሪው የሚቀባው ቀለም በቀላሉ አይገኝም። ርካሹ መሣሪያ ሊሞላው ይችላል የሚባለው ክፍተት ይህ ነው።

በዚህ ላይ የሚነሣው የመጀመሪያው ተቃውሞ የቅንጦት ክስ ነው። ድርቅ በሚደጋገምበት፣ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነት በደረሰበት አገር፣ ስለ ሥዕል ትምህርት ማውራት ምን ይባላል? የሕፃናትን መቀንጨር ለማስቀረት መንግሥት በ2007 ዓ.ም. የገባው ቃል «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» መባሉ ራሱ የከተማይቱ ስም ከምን ጋር ተያይዞ እንደሚነሣ ያስታውሰናል። በቃል ኪዳኑ መሠረት ከ2 ዓመት በታች ባሉ ሕፃናት ላይ የሚታየው መቀንጨር እስከ 2022 ዓ.ም. እንዲያከትም ታቅዷል። እንጀራ ይቅደም፣ ሥዕል ይቆይ የሚል ሰው ጨካኝ አይደለም፤ የሚናገረው ከርኅራኄ ነው።

ሆኖም አንድ ነገር ልብ እንበል። ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. የእንግሊዙ ቢቢሲ ከኮረም የተነሣ ፊልም ለዓለም አሳየ። ካሜራውን የያዘው ኬንያዊው ሞሐመድ አሚን፣ ዘገባውን ያቀረበው ማይክል በርክ ነበር። ኮረም ከዋግ ተራሮች በስተምሥራቅ፣ በዚያን ጊዜ አጠራር በወሎ ክፍለ ሀገር ነበረች። ያ ፊልም ዓለምን ቀስቅሶ እርዳታ አስገኝቷል፤ የብዙዎችን ሕይወትም አትርፏል፤ ይህ ሊካድ አይገባም። ነገር ግን ከዚያ ቀን ወዲህ የዚህ ደጋ ሰው መልክ በዓለም ዓይን አንድ ብቻ ሆኖ ቀርቷል፤ እርሱም የራበው ሰው መልክ ነው። ሥዕሉ ሐሰት አልነበረም፤ ጎደሎ ነበር እንጂ። ያን ሰው ሲስቅ፣ ሲያርስ፣ ሲዳኝ፣ ሲያመሰግን የሚያሳይ ሌላ ሥዕል ከራሱ ወገን እጅ ወጥቶ ከጎኑ አልቆመም። በዚያ ፊልም ውስጥ የነበሩት ሰዎች የታዩ እንጂ ያሳዩ አልነበሩም።

የቅንጦት ክስ የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። መልኩ ሁልጊዜ በሌላ ሰው እጅ የሚሣል ሕዝብ ከእንጀራ ሌላ የተነፈገው ነገር አለ። ራሱን በራሱ ዓይን አይቶ «እኔ ይህን እመስላለሁ» የማለት መብት የጠገበ ሰው ትርፍ ሀብት አይደለም፤ የሰውነት ክፍል ነው። ለልጅ ወተትና እርሳስ አይመረጡለትም፤ ሁለቱም ይገቡታል። ስለዚህ ሥዕል ማስተማር ይገባል ወይ የሚለውን ትተን በምን ዓይነት መንገድ እናስተምር ወደሚለው እንለፍ።

ሁለተኛው ተቃውሞ ከሥነ ጥበብ ሰዎች ዘንድ የሚሰማ ነው። ልጆቻችን የባዕድን ሥዕል በስልክ እያዩ ቢያድጉ ገልባጮች ይሆናሉ፤ የአገር መልክ ይጠፋል ይላሉ። «በሰው ወርቅ አይደምቁም» የሚለው ተረትም ለዚህ ይጠቀሳል። ስጋቱ ክብደት አለው። ነገር ግን የሥዕላችንን ታሪክ የመረመረ ሰው ነገሩ ከዚህ ይልቅ የተወሳሰበ ሆኖ ያገኘዋል።

የውጭ አገር ሥዕል ወደ ኢትዮጵያ የመጣው ዛሬ አይደለም። በመጀመሪያ በሰው መጣ። በ15ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ኒኮሎ ብራንካሌዎን የተባለ የቬኒስ ሠዓሊ ወደ አገራችን ገብቶ መርቆሬዎስ በሚል ስም በርካታ ዓመታት ሲሥል ኖሯል። ቀጥሎ በሥዕል መጣ። በሮም በሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን የሚገኘው የእመቤታችን ሥዕል ቅጂዎች ከኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ጋር ደረሱ። ከዚያም በማተሚያ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1590/91 በሮም የታተመው የዐረብኛ ወንጌል አንቶኒዮ ቴምፔስታ የነደፋቸውን ሥዕሎች ይዞ ነበርና፣ መጽሐፉ ወደ ኢትዮጵያ ደርሶ በጎንደር ዘመን ለነበሩ ሠዓሊያን አርአያ ሆነ። ከሦስቱ የኋለኛው ከፊተኛው ይልቅ ርካሽና ለመጓዝ ቀላል ነበር። ሠዓሊ በሕይወት ዘመኑ አንድ አገር ያስተምራል፤ ሥዕል በበቅሎ ይጫናል፤ የታተመ መጽሐፍ ግን በብዙ ቅጂ ይሠራጫል። የዛሬው ስልክ የዚሁ ሰንሰለት አራተኛ ቀለበት ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ታዲያ ሠዓሊዎቻችን በዚያን ጊዜ ገልባጮች ሆኑ? አልሆኑም። የሮሟን ማርያም ተቀብለው እጆቿን እንደተደራረቡ፣ መሐረቧን እንደያዘች አቆዩ፤ ነገር ግን ዓይኗን አሰፉት፤ በጥላ የተድበሰበሰውን የልብሷን እጥፋት ጥርት ባለ መስመር ለወጡት፤ በግራና በቀኝ መላእክትን ሰይፍ አስይዘው አቆሙ። ከቴምፔስታም የታሪኩን አቀማመጥ ሲወስዱ ጥላውንና ርቀቱን ትተው በራሳቸው ደማቅ ቀለም ሞሉት። ዛሬ «የኢትዮጵያ ማርያም» ብለን የምንጠራት ሥዕል ከሩቅ የመጣችና እዚህ የተወለደች ናት። የተቀበሉትን ሁሉ አሳልፈው የራሳቸው አደረጉት እንጂ ከተቀበሉት ሥር አልዋሉም።

ይህ እንዴት ተቻላቸው? የዚህ ጸሐፊ አስተያየት ሦስት ነገሮች ስለነበሯቸው ነው የሚል ነው። አንደኛ፣ መምህር ነበራቸው። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ዕውቀቱን የሚያገኘው ከባለሙያው እግር ሥር ተቀምጦ ብራናውን እየዳመጠ፣ ቀለሙን እየበጠበጠ፣ የመምህሩን መስመር እየተከተለ ነበር። ሁለተኛ፣ አስቀድሞ የተሠራ የራሳቸው የሥዕል ቋንቋ ነበራቸው። ጻድቅ ፊቱን መልሶ በሁለት ዓይኑ ይታያል፣ ክፉ በአንድ ዓይኑ በጎን ይሣላል የሚለውን ሥርዓት የሚያውቅ ሰው፣ የባዕዱን ሥዕል ሲያይ ምን እንደሚወስድና ምን እንደሚተው ለመለየት አይቸገርም። ሦስተኛ፣ ሥዕላቸው አገልግሎት ነበረው፤ የሚጸለይበት፣ የማያነበው ሕዝብ ታሪክ የሚማርበት ነበር። ስለዚህ «ይህ ሥዕል ለማን ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልሱ ምንጊዜም በፊታቸው ነበር።

እንግዲህ ልዩነቱ ይህ ነው። የጥንቱ ሠዓሊ የባዕዱን ሥዕል ያገኘው ዓይኑ ከተሠራ በኋላ ነው፤ የዛሬው ልጅ ግን ዓይኑ ሳይሠራ በፊት ያገኘዋል። ያም በአንድ ምሽት ብቻ የጎንደር ሠዓሊ በዕድሜው ሙሉ ካየው የበለጠ ሥዕል በአውራ ጣቱ እየገፋ ያሳልፋል። አደጋው ከሥዕሉ ባዕድነት አይመነጭም፤ ከፍጥነቱና ከቅደም ተከተሉ ነው። ጣት የሚያሳልፈው ሥዕል በዓይን ላይ አይቀመጥም።

በዚህ ላይ መስተዋቱ ራሱ የሚደብቃቸው ነገሮች አሉ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ አዳራሽ የሚገኘው የሎሬት አፈወርቅ ተክሌ የመስተዋት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ስፋት አለው። በሥሩ የቆመ ሰው ራሱን አነስተኛ ሆኖ ያገኘዋል፤ የሥዕሉም ግማሽ ትርጉም ከዚህ የሚገኝ ነው። በስልክ ላይ ግን ከመዳፍ አያልፍም፤ በመዳፍ ውስጥ ያለ ነገር ደግሞ ሰውን አያሳንስም። ቀለሙም እንደዚሁ ነው። ስልክ ቀለምን የሚፈጥረው ቀይ፣ አረንጓዴና ሰማያዊ ብርሃንን በማደባለቅ ሲሆን፣ ሠዓሊ የሚቀባው ግን ከአፈርና ከዕፅ የተገኘ፣ ከብርሃን የተወሰነውን ውጦ የተወሰነውን የሚመልስ ነገር ነው። በስልክ ብቻ ቀለም የተማረ ልጅ ቀይና አረንጓዴ ቅባት ሲያደባልቅ በስልኩ እንደሚሆነው ቢጫ ሳይሆን ጭቃ የመሰለ ቡናማ ያገኛል። ይህን የሚነግረው መምህር ከሌለ ጥፋቱን የራሱ እጅ አድርጎ ይቆጥረዋል።

ሦስተኛው ነጥብም ይኸው የመምህር ጉዳይ ነው። መሣሪያ መምህርን ይተካል የሚለውን ተስፋ አገራችን በሁለት መንገድ ፈትናዋለች። በ1997 ዓ.ም. የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚሠራጭ ትምህርት «ፕላዝማ» በሚባለው ቴሌቪዥን መቀበል ጀመሩ። ዓላማው ለገጠሩ ልጅ ከከተማው ልጅ ጋር እኩል ትምህርት ለማድረስ ነበርና የሚነቀፍ አይደለም። ነገር ግን ፕላዝማው በእንግሊዝኛ በራሱ ፍጥነት ይናገራል፤ ተማሪው እጁን ቢያወጣ አይጠብቀውም፤ መምህሩ መግቢያና መዝጊያ ከመናገር በቀር ቦታ አጣ፤ መብራት ሲጠፋም ትምህርቱ አብሮ ጠፋ። በአንጻሩ በ2004 ዓ.ም. «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለው የአሜሪካ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ላሉ፣ ትምህርት ቤት ላልገቡ ልጆች ታብሌቶችን ከነሣጥናቸው ያለ መምህር ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች በኋላ እንደ ገለጹት፣ የታብሌቱ ካሜራ እንዳይሠራ ተዘግቶ ሳለ ልጆቹ በጥቂት ወራት ውስጥ ራሳቸው ከፈቱት።

ይህ ትረካ የድርጅቱ እንጂ የገለልተኛ መርማሪ ምስክርነት ባለመሆኑ ከሚገባው በላይ አንጫነው። ልጆች ያለ መምህር ማንበብን ይማራሉ ለማለትም አይበቃም። ቢሆንም ለጥያቄያችን የሚጠቅም ፍንጭ አለው። ከመሣሪያው ክፍሎች ሁሉ ልጆቹ የታገሉለት ካሜራውን መሆኑ ያስገርማል። ፕላዝማው ልጅን ተመልካች ብቻ አድርጎ አስቀመጠው፤ በካሜራው ግን ልጁ አሳይ ለመሆን ፈለገ። ያው የመስተዋት መሣሪያ እንደ አያያዙ ሁለት የተለያየ ሰው ያወጣል ማለት ነው።

ከዚህ የሚከተለው ሥርዓት ቀላል ነው፤ ካሜራው ከመስተዋቱ ይቅደም፤ ከካሜራውም በፊት ከሰሉ ይቅደም። ለመነሻ የሚያስፈልገው እጅግ ርካሹ መሣሪያ ከምድጃ የወጣ ከሰልና የካርቶን ጀርባ ነው። ልጁ በመጀመሪያ ከቤቱ ያለውን ይንደፍ። እናቱ ከስንደዶና ከአክርማ የሰፋችውን መሶብ ይመልከት፤ አለላው እንዴት እየዞረ እንደሚደጋገም፣ ክቡ እየሰፋ ሲሄድ የቅርጾቹ ቁጥር እንዴት እንደሚጠበቅ ይቁጠር። ያ መሶብ የመጀመሪያው የንድፍ መጽሐፉ ነው። ከዚያ በኋላ ስልኩ ይምጣ። ጨለም ባለ ክፍል ውስጥ የስልኩን መብራት በእንስራው ጎን አብርቶ ጥላው ወዴት እንደሚወድቅ፣ መብራቱ ሲጠጋና ሲርቅ የጥላው ጠርዝ እንዴት እንደሚለወጥ መምህሩ ያሳይ። የጎረቤትን ፊት በፈቃድ አንሥቶ፣ ፎቶግራፉን ወደ ጥቁርና ነጭ ለውጦ፣ ቀለም ሲወጣለት የሚቀረው ብርሃንና ጥላ ብቻ መሆኑን ያሳይ። በፎቶግራፉ ላይ እኩል አራት ማዕዘኖች አስምሮ፣ በግድግዳ ላይ ደግሞ ተለቅ ያሉ ማዕዘኖች በከሰል አስምሮ፣ ትንሹን ወደ ትልቅ የሚያሳድግበትን የጥንት ዘዴ ያስተምር። ወደ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ የሚደረግ አንድ የእግር ጉዞ፣ ጠዋትና ከሰዓት በኋላ ፀሐይ የዓለቱን ቅርጽ እንዴት እንደምትለውጠው ለማየት ከብዙ ቪዲዮ ይበልጣል፤ ስልኩ የሁለቱን ሰዓት ፎቶግራፍ ጎን ለጎን በማቆም ያግዛል።

ከዚህ ሁሉ በኋላ የዓለም ሥዕል ይምጣ፤ በብዛት ሳይሆን በመጠን። አንድ ሥዕል ለአንድ ሳምንት ይበቃል። ተማሪው ሥዕሉን ከማድነቁ በፊት መጠኑ ስንት ክንድ እንደሆነ፣ ከምን እንደተሠራ፣ ለማን እንደተሠራ ይጠይቅ። ያን ጊዜ ያ ልጅ እንደ ጎንደሩ ሠዓሊ የሚወስደውንና የሚተወውን ያውቃል።

የኢንተርኔቱ አቅርቦት የማያስተማምን መሆኑም ሊያሳስብ ይገባል። በሰቆጣ ጦርነቱ ባለፈበት ጊዜ መብራትና ስልክ ተቋርጠው ነበር፤ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮም በአማራ ክልል የተንቀሳቃሽ ስልክ ኢንተርኔት ለወራት ተዘግቶ ቆይቷል። በየሰዓቱ ከመረብ ላይ በሚቀዳ ትምህርት ላይ የተመሠረተ ትምህርት ቤት በሌላው ፈቃድ የሚከፈትና የሚዘጋ ይሆናል። ለዚህ መድኃኒቱ አስቀድሞ የሚታወቅ ነው። በየከተማችን ዘፈንን በሚሞሪ ካርድ እየጫኑ የሚሸጡ ወጣቶች ያለ ኢንተርኔት ሙዚቃን በየገጠሩ ማድረሳቸው የታወቀ ነው። ኪዊክስ የተባለው ነጻ ፕሮግራምም ዊኪፔዲያን የመሰለ ሰፊ መዝገብ አንድ ጊዜ ተቀድቶ ያለ መረብ እንዲነበብ ያደርጋል። የሥዕል ትምህርትም እንዲሁ በከተማ አንድ ጊዜ ተመርጦ፣ ተቀድቶ፣ በካርድ ተጭኖ በአንድ ስልክና በአንድ የፀሐይ ኃይል መሙያ ወደ ሰሐላም ወደ ዝቋላም ሊወርድ ይችላል። አንድ ስልክ ለ40 ልጅ መሆኑም ሁልጊዜ ጉዳት አይደለም። ተራ የሚጠብቅ ልጅ በሚጠብቅበት ጊዜ ይሥላል።

ከሚጫነው ነገር መካከል ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ አንድ ሀብት አለ። እ.ኤ.አ. ከ1973 ጀምሮ የኢትዮጵያ ብራናዎች በማይክሮፊልም ሲነሡ 9,000 ያህል መጻሕፍት ቅጂያቸው በአሜሪካ ሚኔሶታ ተቀምጧል፤ ብዙውም ዛሬ በኢንተርኔት ይታያል። በካናዳ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲም «መዝገበ ሥዕላት» የተባለ የኢትዮጵያ ሥነ ጥበብ የፎቶግራፍ መዝገብ አለው። የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ደግሞ በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ከተወሰዱት 350 ያህል ብራናዎች በርካታዎቹን በመረብ ላይ አውጥቷል። የዋጉ ተወላጅ ዋግሹም ጎበዜ ዐፄ ተክለ ጊዮርጊስ ተብለው የነገሡት በዚያው ዓመት በመሆኑ ታሪኩ ለሰቆጣ ልጅ የሩቅ አይደለም። ልጁ እነዚህን ሥዕሎች ቢያይ ለመጀመሪያ ጊዜ የአያቶቹን እጅ በቅርብ አጉልቶ ሊመረምር ይችላል፤ ብራናውን ዘርግቶ የሚያየው ሰው እንኳ የማይለየውን የብርዕ ጭረት ይለያል። ይህ ታላቅ ጥቅም ነው።

ነገር ግን መምህሩ አብሮ ሊነግረው የሚገባ ነገር አለ፤ ማየት ማግኘት አይደለም። የተወሰደ መጽሐፍ ምስሉ ስለተላከ ተመለሰ አይባልም፤ ርካሹ መሣሪያም የባለቤትነትን ጥያቄ እንዲያስረሳ ሊፈቀድለት አይገባም። ይኸው ፍርድ ወደ ራሳችንም ይመለሳል። ካሜራ የያዘው ልጅ ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲገባ የሚታየውና የማይታየው፣ የሚነሣውና የማይነሣው ተለይቶ የተቀመጠ መሆኑን ይማር። የአሮጊቷን ፊት ሳይጠይቅ ቢያነሣ፣ ሌሎች በሕዝቡ ላይ ያደረጉትን እርሱ በጎረቤቱ ላይ ደገመው ማለት ነው። ሥዕል የሚያስተምር ሰው ፈቃድ መጠየቅን ካላስተማረ ትምህርቱን ከግማሽ ላይ አቋርጦታል።

ቋንቋውም ሊዘነጋ አይገባም። በመረብ ላይ የሚገኙት የሥዕል ትምህርቶች አብዛኞቹ በእንግሊዝኛ የተነገሩ ናቸው። ቀለማትን፣ የተራራን አወራረድ፣ የእህልን አበሳሰል ልጁ ሲያይ ያደገው በኽምጣና ስም እየሰጠ ነው። ስሙን የሚያውቀውን ነገር ሰው አጥርቶ ያያል። ስለሆነም መምህሩ የቪዲዮውን ድምፅ ዘግቶ ራሱ በልጁ ቋንቋ ቢናገር ትምህርቱ ይቀልላል፤ ቋንቋውም አዲስ የጥበብ ቃላት ያገኛል። የመምህራን ማሠልጠኛዎችና የባህል ቢሮዎች እነዚህን ቃላት ከሽማግሌዎችና ከእጅ ባለሙያዎች አፍ ቢሰበስቡ ወጪው ትንሽ፣ ፍሬው ግን የሚሰነብት ይሆናል።

በመጨረሻም ዘመኑ ያመጣውን ከባድ ጥያቄ ሳንጠቅስ አናልፍም። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚባለው መሣሪያ በአንድ ዓረፍተ ነገር ትእዛዝ ሥዕል አዘጋጅቶ ያቀርባል። ሥዕል ያለ እጅ የሚገኝ ከሆነ እጅን ማሠልጠን ለምን ያስፈልጋል የሚል ወጣት ቢነሣ አያስደንቅም። መልሱ ከመነሻችን ላይ አለ። የትምህርቱ ግብ ሥዕሉ ብቻ ቢሆን ኖሮ ወጣቱ እውነት ነበረው። ግቡ ግን አይቶ የሚሠራ ሰው ነው። መሣሪያው የሚያዘጋጀው ሥዕል ከዚህ በፊት ከተሠሩ እጅግ ብዙ ሥዕሎች የተጠናቀረ ነው፤ ስለዚህ ስለ ዋግ ደጋ ቢጠየቅ ሌሎች ስለ ዋግ ደጋ ከሠሩት ውጭ ሊያመጣ አይችልም። ሌሎች የሠሩት ደግሞ ምን እንደሆነ ከላይ አይተናል። ያ መዝገብ እንዲታረም የሚቻለው አንድ የሰቆጣ ልጅ ከተራራው ፊት ተቀምጦ፣ ማንም ከዚህ በፊት ያላየውን በራሱ ዓይን አይቶ በራሱ እጅ ሲጨምርበት ብቻ ነው።

እንግዲህ ለመምህሩም፣ ለባህል ሠራተኛውም፣ መሣሪያ ለሚለግሰው በጎ አድራጊም አንድ መመዘኛ እናቅርብ። ስልኩ ተዘግቶ በጠረጴዛ ላይ ከተቀመጠ በኋላ ልጁ ቀድሞ ከሚያየው የበለጠ ያያልን? በመንገድ ላይ ሲሄድ የጥላን ቀለም፣ የእናቱን እጅ መስመር፣ የዓለቱን ስንጥቅ ልብ ይላልን? በእጁስ የሠራው፣ ለጎረቤቱ የሚያሳየው ነገር አለውን? መልሱ አዎን ከሆነ መሣሪያው ርካሽም ይሁን ውድ ሥራውን ሠርቷል። መልሱ አይደለም ከሆነ ግን ለልጁ የሰጠነው መስኮት ሳይሆን ሌላ ግድግዳ ነው። ሺህ ጊዜ ከመስማት አንድ ጊዜ ማየት ይሻላል እንደሚባለው ሁሉ፣ ሺህ ጊዜ ከማየትም አንድ ጊዜ አይቶ መሥራት ይሻላል።